የተሞላው ቱቦላሬ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ካሰማ

ቱቦላሬን (ውስጠ ክፍት ባለ አራት ማዕዘን ብረት) በግራውት፣ ማለትም በሚፈስ የሲሚንቶ ውህድ፣ ሞልተን ኮለን (ምሰሶ) ስናደርገው፣ ብዙ ሰው ጭነቱን የሚሸከመው ብረቱ ነው፣ ግራውቱ ማሟያ ነው ይላል። እስቲ እናስላው። 150 በ150፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦላሬ፣ ብረቱ በ235 ሜጋፓስካል ሲሰላ 415 ኪሎኒውተን ገደማ ይሸከማል። ውስጡ ያለው ባለ 25 (ጥንካሬው 25 ሜጋፓስካል የሆነ) ግራውት ደግሞ 518። ይሄ ለአጭር ኮለን ነው፤ የደህንነት ቅናሽም አልተደረገበትም። ያም ሆኖ ከግማሽ በላዩ ያረፈው ዓይን በማያየው ግራውት ላይ ነው።

ሲያንኳኩት "ኳ" ካለ

አዳማ ላይ አንድ የሱቅ ሕንፃ ስንሠራ ኮለኑን ከግርጌው ጀምሬ በትንሽ መዶሻ እያንኳኳሁ ወጣሁ። እስከ ወገቤ ድፍን ነው። ትከሻዬ ጋ ስደርስ ኳ አለ፣ መዳፍ በምታክል ቦታ ብቻ። እንዲህ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ አየር ታፍኖ ቀርቷል። ከላይ በባልዲ ሲገለበጥ አየሩ መውጫ ያጣል። ፊቱ ሙሉ ኳ ካለ ግን ግራውቱ ውሃ በዝቶበት ተኮማትሮ ከብረቱ ለቋል፤ ይሄን መሐንዲሱ ሳያየው አትንኩት።

ለታፈነው አየር፣ ከባዶው ቦታ ግርጌና አናት ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳል። የማይኮማተር ግራውት በታችኛው ይገፋል፣ በላይኛው እስኪፈስ። ሲደርቅ ደግማችሁ አንኳኩ። ለሚቀጥለው ኮለን የግራውት ማፍሰሻውን ቱቦ እስከ ታች አውርዱና ግራውቱ በሞላ ቁጥር እየሳባችሁ ውጡ።

የግራውቱ ናሙና ኩብ የላብራቶሪ ፈተና ከወደቀ

የአዳማ ፀሐይ 6 ሰዓት ላይ ብረቱን እጅ አያስነካም። ግራውቱ ቶሎ ይጠጥራል። ያኔ "ትንሽ ውሃ ጣል አርግበት" ይመጣል። ጉዳቱ ከዚህ ይጀምራል። ጥንካሬው ከ25 ወደ 15 ቢወርድ ያ ኮለን 207 ኪሎኒውተን፣ 21 ቶን ገደማ ያጣል!

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሙሉ። ቱቦላሬውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሉት። ማለስለስ ካስፈለገ ፕላስቲሳይዘር እንጂ ውሃ አይጨመርም። የኩቡ የ28 ቀን ውጤት ካነሰ ፎቅ መጨመር ይቁም፣ መሐንዲሱም በተገኘው ቁጥር ደግሞ ያስላ።

ሆዱ ከተነፋ

ጠፍጣፋ ፊት እንደ ክብ ቱቦ ግራውቱን አጥብቆ አያቅፍም። ወደ ውስጥ እንዳይጎብጥ ግራውቱ ስለሚያግደው ወደ ውጭ ይነፋል። በዩሮኮድ 4 (የአውሮፓ የብረትና ኮንክሪት ጥምር ግንባታ ደንብ)፣ ለ235 ብረት፣ ስፋቱ ለውፍረቱ ሲካፈል ከ52 መብለጥ የለበትም። ባለ 3 ሚሊሜትሩ 50 ነው፣ ያልፋል። ባለ 2ቱ 75 ነው። የተጻፈውን ውፍረት ሳይሆን ካሊፐራችሁን (የውፍረት መለኪያችሁን) እመኑ።

እየሞላችሁ ከተነፋ አቁሙ፤ ከውጭ አስራችሁ ከፋፍላችሁ ሙሉ። ጭነት ካረፈበት በኋላ ከተነፋ ግን መጀመሪያ ሰው ይውጣ፣ ከዚያ በመሐንዲስ ትእዛዝ ፑንቴሎ (ጊዜያዊ ድጋፍ) ይቁም። ጭነቱ ሳይነሳ ብየዳ አታስጠጉ፤ ሙቀቱ ብረቱን ያደክመዋል።