ፖርትፎሊዮን በሐቅ መተቸትና ትችትን መቀበል፦ ለፎቶግራፍ አንሺዎችና ለሞዴሎች

አንድ ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ ፖርትፎሊዮውን፣ ማለትም የተመረጡ ሥራዎቹን ስብስብ፣ ለሙያ ባልደረቦቹ ሲያሳይ አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት የሚሰማው «አሪፍ ነው፣ በርታ» የሚል ቃል ነው፤ ከሄደ በኋላ ደግሞ «ይሄም ፎቶ አነሳሁ ይላል!» ይባልለታል። የመጀመሪያው ከይሉኝታ፣ ሁለተኛው ከፉክክር የሚመነጭ ሲሆን ሁለቱም ለሚቀጥለው ፎቶ የሚረዳ አንዲት ፍሬ ነገር የላቸውም። ሐቀኛ ትችት ሥራው ለታሰበለት ዓላማ ምን ያህል እንደሚያገለግል፣ የት ላይ እንደሚሰናከልና ምን ቢደረግ እንደሚቃና ለባለቤቱ በግልጽ ይነግራል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ትችት እንዴት እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚወሰድ ያስረዳል።

ተቺው አንድም ፎቶ ከማየቱ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ «ይህ ፖርትፎሊዮ የሚቀርበው ለማን ነው?» የሚለው ነው። ለሙሽሮች የሚቀርብ አልበም፣ ለማስታወቂያ ድርጅት የሚቀርብ ስብስብ፣ ለጋዜጣ አዘጋጅ የሚላክ የዜና ፎቶና ለሞዴል ኤጀንሲ የሚሄድ ፖርትፎሊዮ በአንድ መለኪያ አይመዘኑም። ለምሳሌ የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ከብዙ ሠርጎች የመረጣቸውን ምርጥ ፎቶዎች ብቻ ቢያሳይ ተቺው የሚያውቀው ነገር ጥቂት ነው፤ ሙሽሮቹ የሚከፍሉት ከማለዳው ሽር ጉድ እስከ መልሱ ማግስት ላለው ሁሉ ነውና። ስለዚህ አንድ ሠርግ ከነሙሉ አልበሙ እንዲታይ መጠየቅ ተገቢ ነው። ብርሃኑ ደካማ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ፣ ሽማግሌዎች ሲመርቁና እናት ዕንባዋን ስትጠርግ ሰውየው ምን እንደሠራ የሚታወቀው ከዚያ ነው። የዜና ፎቶ ሲሆን ደግሞ ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን የሚመልስ መግለጫ ከሥሩ አለመኖሩ ራሱ አንድ ጉድለት ነው።

ሥራውን የሚያቀርበው ሰውም ድርሻ አለበት። መቶ ፎቶ ይዞ «እስቲ እይልኝ» ማለት የመምረጥን ሥራ በሌላ ሰው ላይ መጣል ነው። ከ15 እስከ 20 ፎቶ ለአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ይበቃል፤ ለጀማሪ ሞዴል ከ10 እስከ 15 ከበቂ በላይ ነው። ተመሳሳይ አቋቋም፣ ተመሳሳይ ልብስና ተመሳሳይ ብርሃን ያላቸው ሦስት ፎቶዎች ካሉ ሁለቱ ይወጣሉ፤ ተመልካች የሚያስታውሰው የስብስቡን ደካማ ፎቶ ጭምር ነውና። በስልክ ማሳየት ቀላል ቢሆንም ትንሹና ደማቁ የስልክ ስክሪን የፎከስ ስሕተትንና በጨለማ ክፍሎች የሚወጣውን የቀለም ፍንጣቂ ይደብቃል። ከተቻለ ፎቶ ቤት በ13 በ18 ሴንቲ ሜትር አሳትሞ ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት፣ ቅደም ተከተሉንም በእጅ እያነሱ መለዋወጥ እጅግ የተሻለ ነው፤ ዋጋውም ያን ያህል አይደለም።

ተቺው በመጀመሪያ ሁሉንም ፎቶ ዝም ብሎ፣ ፊቱንም ሳይቀያይር ይመልከት። ሁለተኛ ሲያይ ከመፍረዱ በፊት ያየውን ይናገር። «ይህ ፎቶ ነፍስ የለውም» የሚል አስተያየት ለባለቤቱ ምንም አይነግረውም፤ «ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ከኋላዋ ባለው ቢጫ ጀሪካን ላይ ነው፣ ፊቷን ያየሁት ከዚያ ቀጥሎ ነው» ቢባል ግን ፎቶግራፍ አንሺው የቱን ስሕተት እንደሠራ ወዲያው ይገባዋል፣ መፍትሔውንም ብዙ ጊዜ ራሱ ይናገራል። ጀሪካኑን ማንሳት፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ መሄድ ወይም ጀርባውን ማደብዘዝ ይችል ነበር። ተቺ ሁልጊዜ ከሚታየው ነገር ቢነሳ ክርክሩ ስለ ፎቶው ይሆናል፤ ከስሜቱ ቢነሳ ግን ስለ ሰውየው ይሆናል።

በእኛ አገር ፖርትፎሊዮዎች ላይ ብዙ ሊባልበት የሚገባው ጉዳይ ብርሃን፣ በተለይም ጥቁርና ጠይም ቆዳ ከነጭ ልብስ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ችግር ነው። የካሜራ የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። አንዲት ሴት የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ፎቶውን ስትሞላው ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይረዳውና ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ቀድሞም ከጨርቁ ይልቅ ጥቂት ብርሃን የሚያንጸባርቀው ፊቷ ጭራሹን ይጠቁራል። ከዚያ ፎቶግራፍ አንሺው በኤዲት ፊቱን ለማብራት ሲሞክር ቆዳው አመድማ ይሆናል፣ ጥላው ውስጥም የቀለም ፍንጣቂ ይወጣል። ፀሐዩ ከአናት በላይ በሚሆንበት፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ከተነሳ ደግሞ ተቃራኒው ጉዳት ይጨመራል፦ የነጠላው ሽመናና የጥበቡ ዝርዝር ተቃጥሎ ነጭ ወረቀት ይመስላል፣ ዓይኖቿም በቅንድቧ ጥላ ይዋጣሉ።

እንዲህ ያለ ፎቶ ያየ ተቺ «ብርሃኑ ልክ አይደለም» ብሎ ማለፍ የለበትም። ሴትየዋን ወደ ሕንፃ ጥላ ወይም ወደ በረንዳ ማስገባት በፀሐይ በተመታው ጨርቅና በጥላ በተዋጠው ፊት መካከል ያለውን ልዩነት እንደሚያጠብበው፣ ከደረቷ በታች የሚያዝ አንጸባራቂ ወይም ተራ ነጭ ካርቶን ለዓይኖቿ ብርሃን እንደሚሰጥ፣ ነጩ ፎቶውን በሚሞላው ጊዜ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) አንድ ስቶፕ፣ ማለትም እጥፍ ያህል፣ ከፍ አድርጎ የጥበቡ ዝርዝር አለመጥፋቱን ማረጋገጥ እንደሚያስፈልግ ሊነግረው ይገባል። የክረምት ደመናም ብዙዎች እንደሚያስቡት ጠላት አይደለም፤ ሰማዩን ሁሉ አንድ ትልቅ ለስላሳ መብራት ያደርገዋል። እኔ በሰኔና በሐምሌ የተነሱ የፊት ፎቶዎችን ከጥር ቀትር ፎቶዎች አስበልጣለሁ።

ከብርሃን ጋር የሚያያዘው ሌላው ጉዳይ ቆዳን በኤዲት ማንጣት ነው። የቀለም ፎቶግራፍ ቴክኖሎጂ ራሱ ለረጅም ጊዜ በነጭ ቆዳ ላይ የተስተካከለ ነበር፤ የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ያቀርበው የነበረውና በባለሙያዎች ዘንድ ሸርሊ ካርድ ተብሎ የሚታወቀው የቀለም ማመሳከሪያ ለአሥርተ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል የያዘ ነበር። ያ ታሪክ ካለፈ በኋላ እኛው በእጃችን የሰውን መልክ ሁለት ደረጃ ማቅላታችን ያሳዝናል። ለሞዴል ፖርትፎሊዮ ሲሆን ጉዳቱ ተጨባጭ ነው፤ ለካስቲንግ (ለሞዴል መምረጫ) የጠራት ድርጅት በር ላይ የሚያየው ሌላ ሰው ይሆንበታል። አዲስ አበባ የተወለደችው ሊያ ከበደ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ለኤስቴ ላውደር የመዋቢያ ምርቶች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተወካይ ሞዴል ሆና ስትመረጥ ገበያው የፈለጋት በራሷ መልክ ነበር። ስለዚህ ተቺው ከኤዲት በፊት ያለውን ፎቶ አጠገቡ አድርጎ ለማየት ይጠይቅ፤ ብጉር ማጥፋትና የቆዳን ቀለም መለወጥ አንድ አይደሉም።

የፎቶው ርዕሰ ጉዳይና አነሳሱም ከትችት ውጭ አይሁኑ። የጥምቀት ምዕመናን፣ የላሊበላ ቀሳውስትና የኦሞ ሸለቆ ሕዝቦች ያልገቡበት የአገራችን ፖርትፎሊዮ ጥቂት ነው። ይህ በራሱ ጥፋት ባይሆንም ተቺው «ይህን ፎቶ ከቱሪስቱ ፎቶ የሚለየው ምንድን ነው? የሰውየውን ስም ታውቃለህ? ፈቃዱን ጠይቀሃል? ለመነሳት ተከፍሎታል?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። በተለይ በኦሞ ጎብኚ በመጣ ቁጥር ለክፍያ የሚቆሙ ሰዎችን እንደ ድንገተኛ የዕለት ኑሮ አድርጎ ማቅረብ ተመልካችን ማሳሳት ነው፤ ሕፃናት ሲሆኑ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይጠብቃል።

የሞዴል ፖርትፎሊዮን መተቸት የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው እዚህ ላይ ሥራውና ሰውነቱ የተጣመሩ ስለሆኑ ነው። ኤጀንሲዎች አስቀድመው የሚፈልጉት የተዋበውን ፎቶ ሳይሆን ያለ ሜካፕ ወይም በጥቂት ሜካፕ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ባዶ ግድግዳ ፊት፣ ከሰውነት ጋር የሚሄድ ቀለል ያለ ልብስ ተለብሶ የሚነሳውን ፎቶ ነው፦ የፊት ቅርብ፣ የጎን፣ ከእግር እስከ ራስ ከፊትና ከኋላ፣ አንድ ደግሞ ፈገግታ። ብዙ ጀማሪዎች ይህን በስልክ ክንድ ዘርግተው ያነሱታል። የስልክ ዋና ካሜራ ሰፊ ሌንስ ስላለው ከቅርብ ሲያነሳ አፍንጫንና ግንባርን ያሳድጋል፣ ጆሮንም ወደ ኋላ ይገፋል። ሌላ ሰው ሁለት ሜትር ርቆ በሁለት እጥፍ አጉልቶ ቢያነሳ መልኩ በትክክል ይወጣል። ሙሉ ቁመት ሲነሳ ካሜራው ወገብ አካባቢ ይያዝ፤ ከፊት ከፍታ ወደ ታች ከተነሳ እግር ያጥራል። ቁመትና የልክ ቁጥሮች የተጻፉበት ካርድ ካለ ልኩ እውነተኛ መሆን አለበት፤ የተጨመረች ሦስት ሴንቲ ሜትር የመጀመሪያው ልብስ ልኬት ላይ ትጋለጣለች።

በሞዴሏ ወይም በሞዴሉ ሥራ ውስጥ ሊተቹ የሚገባቸው ነገሮች የሚለወጡት ናቸው፦ የእጅ አቀማመጥ፣ የትከሻ ውጥረት፣ በሁሉም ፎቶ የሚደገም አንድ የአፍ አኳኋን፣ ከልብሱ ጋር የማይሄድ አቋቋም፣ ካሜራን የሚሸሽ ወይም ከልክ በላይ የሚያፈጥ ዓይን። «አፍንጫሽ ሰፊ ነው» ማለት ትችት አይደለም፤ «በሰባቱም ፎቶ አገጭሽን ወደ ላይ አድርገሻል፣ አንድ ጊዜ ዝቅ አድርገሽ ሞክሪው» ማለት ግን ነገ ልትሠራበት የምትችለው ምክር ነው። ስለ ገበያው እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ ለምሳሌ ቁመቷ ለፋሽን መድረክ የማይበቃ ከሆነ፣ በማሸማቀቅ ሳይሆን መንገዱን በማሳየት ይነገር፤ የማስታወቂያ፣ የጌጣጌጥና የፀጉር ሥራዎች ያንን ቁመት አይጠይቁም። የፎቶግራፍ አንሺው ጥፋት ለሞዴሏ እንዳይሰጥም መጠንቀቅ ያሻል፤ እጇ በፎቶው ጠርዝ ከአንጓው ላይ የተቆረጠው እሷ ስለ ቆመችበት ሁኔታ ሳይሆን እሱ ሲያነሳ ስለቆረጠው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸፋፈን መባል አለበት። «ፖርትፎሊዮሽን ልይልሽ» የሚለው ግብዣ ለሌላ ዓላማ የሚውልበት ጊዜ አለ። የትችት ቀጠሮ በቀን፣ ሰው በሚገባበትና በሚወጣበት ቦታ ይደረግ፤ ሞዴሏ እህት ወይም ጓደኛ ይዛ መምጣቷ ሊያስቀይመው የሚችል ባለሙያ የለም። ሥራን ለመመዘን ልብስ ማውለቅ አያስፈልግም። ትችቱን ሰጥቶ በዚያው «አዲስ ፎቶ በኔ ስቱዲዮ መነሳት አለብሽ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው የሰጠው አስተያየት የሽያጭ ንግግር ስለሆነ ሚዛኑ ዝቅ ይበል።

የዕድሜና የማዕረግ ጉዳይ የአገራችንን ትችት ከባድ ያደርገዋል። ወጣቱ የአንጋፋውን ሥራ እንዲተች ቢጠየቅ ዝም ማለትን ይመርጣል። ከዚያ ይልቅ በአክብሮት ቃል፣ በጥያቄ መልክ መግባት ይችላል፦ «ጋሼ፣ ይህን ሲያነሱ ሊያጎሉ የፈለጉት ፊቱን ነው ወይስ እጁን? እኔን እጁ ሳበኝ።» ይህ አነጋገር አንጋፋውን አያዋርድም፣ እውነቱንም አያስቀርም። አንጋፋውም በበኩሉ «እኔ በዘመኔ» እያለ በራሱ ስልት ብቻ ከመለካት ይቆጠብ፤ ወጣቱ ሁለተኛ እሱን እንዲሆን አልጠየቀውም።

ትችት የሚቀበለው ሰው ዋና ሥራ ዝምታ ነው። ፎቶው ራሱን እንዲናገር መተው ያለበት ስለሆነ «በዚያ ቀን ዝናብ ነበር፣ ፍላሹ ተበላሽቶብኝ ነው» የሚለው ማብራሪያ ጊዜ ያባክናል፤ አሠሪው ሲያየው ማንም አጠገቡ ቆሞ አያስረዳውም። የሚባለው ሁሉ በተቺው ቃል እንዳለ በማስታወሻ ይጻፍ። ከዚያ ማብራሪያ ይጠየቅ፦ «ከነዚህ የትኛውን ታወጣዋለህ? የትኛውን ትደግማለህ?» እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይሉኝታ ያለውን ተቺ እንኳ ወደ ቁርጥ ያለ መልስ ያመጡታል። በዚያው ቀን ምንም አለመሰረዝ ይመረጣል፤ የተነካ ስሜት ጥሩውንም ፎቶ ያስጥላል። አንድ ሰው የተናገረው ምርጫው ሊሆን ይችላል፤ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች አንዱን ፎቶ ከጠቆሙ ግን ፎቶው መውጣት አለበት፣ ባለቤቱ የቱንም ያህል ቢወደው። የተቺውን ሥራም ማየት ይጠቅማል፤ የሠርግ ባለሙያ ስለ ዜና ፎቶ የሚሰጠው አስተያየት በሠርግ ላይ ያለውን ያህል ክብደት የለውም።

ሥራቸውን ለዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ለማሳየት የሚፈልጉ ሰዎች የፖርትፎሊዮ ግምገማ ያላቸውን የፎቶ ፌስቲቫሎች መከታተል ይችላሉ። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ከትርዒቱ ጎን እንዲህ ያለውን ግምገማ ሲያካሂድ ቆይቷል። በአሜሪካ ሂዩስተን በሚካሄደው ፎቶፌስት አንድ ቀጠሮ 20 ደቂቃ ያህል ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ስለ ራስ ታሪክ አምስት ደቂቃ ማውራት አይገባም፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር መግቢያ፣ ከዚያ ፎቶዎቹ፣ በመጨረሻም አስቀድሞ የተዘጋጀ አንድ ጥያቄ ይበቃል። ከስብሰባው በኋላ አጭር የምስጋና መልእክት መላክ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም የተስተካከለውን ስብስብ ለዚያው ተቺ፣ የወጡትንና የገቡትን ፎቶዎች ለይቶ በማመልከት መልሶ ማሳየት የሁለተኛውን ትችት ከመጀመሪያው ይበልጥ ዝርዝር ያደርገዋል።