የጉልበት መርፌ ከመወጋትዎ በፊት፦ ሦስት ወር ቀድሞ የሚጀመር ዝግጅት

እናቴ ጉልበቷን እያሸች «ከራስ ደም የሚሠራ መርፌ መጥቷል አሉ» አለችኝ። ፒአርፒ ማለቷ ነው። ከክንድ ደም ይቀዳል፤ በማሽን ይሽከረከራል፤ ፕሌትሌት፣ ማለትም ደም የሚያረጋው ሕዋስ፣ የበዛበት ክፍል ተለይቶ ጉልበት ውስጥ ይወጋል። ዋጋው ቀላል አይደለም። እኔን ግን ከዋጋው በፊት ያሳሰበኝ ደሙ ነው። የእናቴ ደም ስኳር ይበዛበታል።

ለነገሩ ከመርፌው ተአምር አይጠብቁ። አውስትራሊያ ውስጥ ጉልበታቸውን የሚያማቸው 288 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ገሚሱ ፒአርፒ፣ ገሚሱ የጨው ውሃ ተወጉ። በ2021 ውጤቱ ሲወጣ፣ ከዓመት በኋላ በሕመማቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። ያለቀ ልም አጥንት መልሶ ያበቅላል የሚልዎት ካለ ይጠራጠሩ። ዝግጅቱ ግን መርፌው ባይሠራም አይባክንም።

መጀመሪያ ይለኩ። ሜትሩን በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት ጫፍ መሃል ያዙሩት፣ ትንፋሽ አውጥተው ያንብቡ። ሱሪ የሚታሰርበት ቦታ አይደለም፤ እዚያማ ቦርጭ ይደበቃል። ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ያሳስባል። ከዚያ የሦስት ወሩን ስኳር፣ ኤ ዋን ሲ የሚባለውን፣ ይመርመሩ። ከ5.7 በመቶ በታች ጥሩ ነው። እስከ 6.4 ማስጠንቀቂያ ነው። ከ6.5 ጀምሮ የስኳር በሽታ ይባላል፣ ሐኪም ደግሞ ያረጋግጠዋል። ግፊትና ኮሌስትሮልም አብረው ይታዩ።

ቦርጭን ከጉልበት ምን አገናኘው? ክብደቱ ብቻ አይደለም። ወፍራም ሰው የእጅ ጣቱ መገጣጠሚያም ይበልጥ ይታመማል፤ በእጁ የሚሄድ ሰው ግን የለም። የሆድ ስብ ብግነት የሚያነሳሱ ኬሚካሎች ወደ ደም ይለቃል፣ ደሙም መገጣጠሚያ ድረስ ይዟቸው ይሄዳል።

ቀጥሎ ማዕድ። እናቴ በቀን አራት ስኒ ሻይ፣ በየስኒው ሦስት ማንኪያ ስኳር ነበረች። አሥራ ሁለት ማንኪያ ማለት 50 ግራም ገደማ ነው፤ በሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ ማንኪያ ቀነስን። ጾም ነው ብለው ደግሞ አይዘናጉ። ዳቦ፣ ፓስታና ድንች እየተፈራረቁ የሚበሉበት ጾም ስኳር አይቀንስም። እንጀራውን ያሳንሱ፣ ጎመኑንና ምስሩን ይጨምሩ። አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በየእርምጃው ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና 4 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ጭን ነው። ከፍ ካለ ወንበር በእጅ ሳይደገፉ ቀስ ብለው ይነሱ፣ ቀስ ብለው ይቀመጡ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሁለቴ። ከበዛብዎት ትራስ ይደርቡ። ከምግብ በኋላም ሩብ ሰዓት ይራመዱ፤ ጡንቻ ስኳር ይበላል።

በመጨረሻ ሐኪሙን ያናግሩ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች የፕሌትሌትን ሥራ ስለሚያውኩ ብዙ ክሊኒኮች ቀደም ብለው ያስቆማሉ። ለልብ የታዘዘ አስፕሪን ግን በራስዎ አያቁሙ። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን ላይ ካሉ፣ ምግብ ሲቀንሱ መጠኑ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። የቀረበልዎት መርፌ ፒአርፒ ሳይሆን ኮርቲዞን ከሆነ ደግሞ ለጥቂት ቀናት ስኳር ከፍ ያደርጋልና እየለኩ ይቆዩ።

እናቴ መርፌውን ገና አልተወጋችም፤ ቀጠሮውን ራሷ ገፋችው። ሻይዋ አሁንም አንድ ማንኪያ አለው። በዚያ አልከራከራትም።