በጋራ ለምታሳትሙት መጽሐፍ ዋጋ አወጣጥና የገቢ ክፍፍል

ተሰባስባችሁ የአጭር ልቦለድ ወይም የግጥም መድበል በራሳችሁ ወጪ ልታሳትሙ ከሆነ፣ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ብር በግልጽ ተነጋገሩ። ብር መግባት ከጀመረ በኋላ መደራደር ከባድ ነው፤ ወዳጅነትም ይጎዳል።

መጀመሪያ ዋጋው። ብዙ ሰው ወጪውን በኮፒ ያካፍልና ትንሽ ጨምሮበት ሽፋኑ ላይ ይጽፈዋል። አከፋፋዩ ተረሳ ማለት ነው። አምስት ጸሐፊዎች ናችሁ፣ 1,000 ኮፒ ታሳትማላችሁ፣ ለሕትመት፣ ለአርትዖትና ለሽፋን በድምሩ 200,000 ብር ወጣ እንበል። አንዱ ኮፒ 200 ብር ፈጀ። 350 ብትሸጡት ጥሩ ትርፍ ያለው ይመስላል፤ ግን አከፋፋዩ 35 በመቶ ቢወስድ እጃችሁ የሚገባው 227 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ለምረቃው እንግዶች፣ ለስጦታና ለራሳችሁ 100 ኮፒ ካስቀራችሁ ደግሞ የሚሸጠው 900 ብቻ ነው። አንድ ሳይቀር ቢሸጥ እንኳ 4,750 ብር ይተርፋል፤ ለነፍስ ወከፍ 950 ብር! ያ ሁሉ ልፋት ለዚህ? ዋጋው 450 ቢሆን ግን የእያንዳንዳችሁ ድርሻ 12,650 ብር ይደርሳል። ስለዚህ እጃችሁ ከሚገባው ተነስታችሁ አስሉ። ከዚያ መጻሕፍት መደብሮችን ዞራችሁ፣ በገጽ ብዛት የሚቀራረብ መድበል ስንት እንደሚሸጥ እዩ። ያወጣችሁት ዋጋ ከዚያ በጣም ከራቀ ገጽ ወይም ወጪ ቀንሱ።

ክፍፍሉ ላይ የእኔ ምክር ይሄ ነው። ለሕትመቱ ብር ያወጣው ሰው ቅድሚያ ብሩ ይመለስለት፤ ትርፍ የሚባለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አርታኢው ከእናንተው አንዱ ቢሆንም የሥራውን ዋጋ እንደ ወጪ ያዙለት። የቀረውን እኩል ተካፈሉ። በገጽ ልክ እንካፈል የሚለውን አልወደውም፣ ምክንያቱም ታሪኩ በአጭሩ ማለቅ ሲገባው ጸሐፊው እንዲያስረዝመው ይገፋፋዋል።

ይህን ሁሉ በውል አስፍሩ። ማን አከፋፋዩን እንደሚያነጋግር፣ በየስንት ወሩ እንደምትተሳሰቡ፣ በዱቤ የወጣው ኮፒ የት እንደሚመዘገብ ይጻፍ። ለራሱ ተጨማሪ ኮፒ የሚወስድ ሰው አከፋፋዩ በሚከፍላችሁ ዋጋ ይክፈል። ሁለተኛ እትም ያለ ሁሉም ፈቃድ እንዳይታተም፣ እያንዳንዱ ታሪክም የጸሐፊው ንብረት ሆኖ እንደሚቀጥል ግለጹ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው ጥቅም ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ስለሚቆይ ወራሽ ድርሻውን እንዴት እንደሚያገኝም አንድ መስመር ጨምሩ። ውሉን ውልና ማስረጃ ወስዳችሁ ብታጸድቁት ደግሞ የበለጠ ይጠብቃችኋል። ባንክ ላይም በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ክፈቱ።

ውጭ አገር ላሉ አንባቢዎች በአማዞን ኬዲፒ (ጸሐፊ መጽሐፉን ራሱ በአማዞን የሚያሳትምበት አገልግሎት) መሸጥ ካሰባችሁ፣ ኬዲፒ የሚከፍለው ለአንድ አካውንት ባለቤት ብቻ ነው፤ ለአምስታችሁ አያከፋፍልም። አካውንቱ በማን ስም እንደሚከፈት፣ ባለቤቱ የሽያጭ ሪፖርቱን መቼ መቼ እንደሚያሳያችሁ፣ ታክሱና የባንክ መላኪያው ከማን ድርሻ እንደሚቀነስ እዚያው ውል ላይ አስገቡት።