በሲንጋፖር የሰፈር ምግብ መደቦች በርካሽ እንዴት ይበላል

ሲንጋፖር ውድ ከተማ ናት የሚባለው እውነት ነው፤ ሆድን ግን አይመለከትም። የሆቴል አልጋው ኪስ ቢያራቁትም፣ በየሰፈሩ ባሉት «ሐከር ሴንተር» በሚባሉ ጣሪያ ለበስ የምግብ አዳራሾች ከ4 እስከ 6 የሲንጋፖር ዶላር የያዘ ሰው ጠግቦ ይወጣል። መንግሥት በመንገድ ዳር ይሸጡ የነበሩትን ሰዎች ውኃና ፍሳሽ ማስወገጃ ወዳላቸው አዳራሾች ያስገባቸው በዋናነት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በ2020 ደግሞ ይህ ባህል በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

ከቀትር በፊት ሂዱ። የቢሮ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ ወንበር አይገኝም፤ ስመ ጥር የሆኑት መደቦችም ያዘጋጁት ካለቀ በጠራራ ፀሐይ ይዘጋሉ። ለጀማሪ ማክስዌል የሚባለው አዳራሽ ጥሩ ነው፤ ለርካሽነቱ ግን ከመኖሪያ ሕንጻዎች ሥር ያሉትን፣ ቱሪስት የማይደርስባቸውን እመርጣለሁ።

ከማዘዝ በፊት ወንበር ያዙ። ጠረጴዛ ላይ ለብቻው የተቀመጠ የሶፍት እሽግ የተረሳ ዕቃ አይደለም፤ ባለቤቱ ሰልፍ ላይ ነው። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። ሁለት እሽግ መያዝ ይሻላል፤ አብዛኞቹ መደቦች የእጅ መጥረጊያ አይሰጡም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ። ለእኛ ሰው ፈተናው ጣዕሙ ሳይሆን ድስቱ ውስጥ የገባው ነገር ነው። የአሳማ ሥጋ በዓይን ይታያል፤ ሞራው ግን አይታይም። ቻር ክዌይ ቲያው የሚባለው ጠቆር ያለ የሩዝ ኑድል በልማዱ የሚጠበሰው በአሳማ ሞራ ነው፤ ዛጎል ለበስ የባሕር ፍጥረትም አለበት። ላክሳ የሚባለው የኑድል ሾርባ መረቁ የሚሠራው ከኮኮናት ወተትና ከተወቀጠ ደረቅ ሽሪምፕ ነው። ሳምባል በተባለው የበርበሬ ድልህ ውስጥም ብዙ ጊዜ ብላቻን የሚባል ከቦካ ሽሪምፕ የተሠራ ቅመም አለ። ስለዚህ አረንጓዴ ቅጠል ብቻ የሚመስለው ጥብስ እንኳን የጾም ላይሆን ይችላል።

ለሙስሊም ነገሩ ቀለል ይላል፦ የሲንጋፖር እስልምና ምክር ቤት የሚሰጠው የሐላል ምስክር ወረቀት መደቡ ላይ ተለጥፎ እንደሆነ ተመልከቱ። «ኖ ፖርክ፣ ኖ ላርድ» የሚለው ጽሑፍ ግን የዚያ ምትክ አይደለም። አሳማና ሞራው የለም ይላል እንጂ ስለ እርዱ ምንም አይናገርም። ይህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠቅመው አሳማ ለማይበላ ክርስቲያን ነው።

ጾመኛ ከሆናችሁ «ቬጂቴሪያን» የሚል ጽሑፍ ያለበትን የቡዲስቶች መደብ ፈልጉ። እዚያ ቀይ የአሳማ ጥብስ የሚመስል ነገር ብታዩ አትደንግጡ፤ ከአኩሪ አተርና ከስንዴ የተሠራ ነው። አንዳንዱ መደብ ግን እንቁላል ስለሚጠቀም ጠይቁ። የእኔ ምርጫ በሊትል ኢንዲያ ሰፈር፣ ቴካ ሴንተር በሚባለው አዳራሽ ውስጥ ያሉት የደቡብ ሕንድ መደቦች ናቸው። ቶሳይ የሚባለው ከሩዝና ከጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ ሊጡ ቦክቶ፣ ምጣድ ላይ በክብ የሚዘረጋ ነው፤ ከአትክልትና ከክክ ወጥ ጋር ይቀርባል፣ በእጅም ይበላል። እንጀራ የለመደ እጅ አያስተምሩትም። ሲያዝዙ «ኖ ጊ» ማለት አይርሱ፤ አለበለዚያ ቅቤ ሊቀባ ይችላል። ነጩ የኮኮናት ማባያም እርጎ እንዳለው ጠይቁ።

ጾም ባልሆነ ቀን በዶሮ ሩዝ ጀምሩ። የተቀቀለ ዶሮ፣ በዶሮ መረቅና በዝንጅብል የበሰለ ሩዝ፣ ቃሪያው ለብቻው፤ ለማበላሸትም ይከብዳል። በዋጋ ከሁሉ ርካሹ ግን በመስታወት ውስጥ ከተደረደሩት ወጦች በጣት እያሳዩ የሚያስጨልፉት ሩዝ ነው። ዋጋው በተጨለፈው ልክ ይጨምራል፤ አትክልት ርካሽ፣ ዓሣ ውድ ነው። በክብደት የሚሸጥ የባሕር ምግብ ካያችሁ ግን ሳይመዘን ዋጋ ጠይቁ።

ዝርዝር የሲንጋፖር ዶላር ያዙ። ብዙ መደብ የውጭ ባንክ ካርድ አይቀበልም።

ቡናው የሚሸጠው በሌላ መደብ ነው። «ኮፒ» ካላችሁ በስኳር የወፈረ የቆርቆሮ ወተት ይገባበታል፤ «ኮፒ ኦ» ወተት የለውም፣ ስኳር አለው፤ «ኮፒ ኦ ኮሶንግ» ሁለቱም የለበትም። ፍሬው በልማዱ ከስኳርና ከቅቤ ወይም ከማርጋሪን ጋር ስለሚቆላ ለጾመኛ «ቴ ኦ»፣ ማለትም ወተት የሌለው ሻይ ይሻላል። የጀበና ቡና አፍቃሪ ተስፋውን ቀንሶ ይቅመሰው፤ እኔ ስኳሩን በ«ሲዩ ዳይ» አስቀንሼ እጠጣዋለሁ።

በልታችሁ ስትጨርሱ ትሪውን ራሳችሁ መልሱ። ከ2021 ጀምሮ ይህ ግዴታ ነው፤ መጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ 300 የሲንጋፖር ዶላር ያስቀጣል። የሐላል ዕቃ መመለሻው ብዙ ጊዜ ተለይቶ ምልክት ተደርጎበታል፤ አሳማ የተበላበትን ሳህን እዚያ አታስቀምጡ።