የአማተር ሬዲዮ ክበብን ሪፒተር ተክሎ ለማስተዳደር

ሪፒተር በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን ድምፅ በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ ከፍ ባለ ጉልበት መልሶ የሚያሰራጭ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። በእጅ የሚያዝ ባለ 5 ዋት ሬዲዮ ቤትና ኮረብታ በበዛበት ስፍራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይደርሳል፤ ከተራራ ራስ ወይም ከረጅም ማማ ላይ የተተከለ ሪፒተር ሲያገኝ ግን ባለቤቱን ከከተማ ከተማ ያነጋግራል። ክበቦች ሪፒተር ለመትከል ሲነሡ አስቀድመው የሚከራከሩት ስለ ማሰራጫው ዋት ነው። እኔ በምኖርበት በአሜሪካ የክበባችንን ጣቢያ በበጎ ፈቃድ ስንከባከብ እንደተማርኩት ግን ከሁሉ የሚቀድመው የመቀበያው ጆሮ ነው። የሪፒተሩን ድምፅ ጥርት አድርጎ እየሰማ የራሱ 5 ዋት ወደ ማማው የማይዘልቅለት አባል፣ ከጣቢያው የሚያገኘው ጥቅም ማዳመጥ ብቻ ይሆናል።

ከዚህ በታች የምጠቅሰው ደንብ የዩናይትድ ስቴትስ ነው። በሌላ አገር የሚኖር አንባቢ አስቀድሞ የአገሩን ደንብ ይመልከት፤ ለምሳሌ በአሜሪካ የ2 ሜትር ባንድ (በሞገዱ ርዝመት የተሰየመው የአማተሮች የፍሪኩዌንሲ መደብ) ከ144 እስከ 148 ሜጋ ኸርዝ ሲዘረጋ፣ ኢትዮጵያ በምትገኝበት የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት 1ኛ ክልል 146 ላይ ያበቃል።

ክበቡ በራሱ የጥሪ መለያ፣ ማለትም ጣቢያው በአየር ላይ በሚታወቅበት ስም፣ እንዲሠራ ቢያንስ 4 አባላት፣ የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ፣ እንዲሁም በአገሪቱ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ፊት ስለ ጣቢያው የሚጠየቅ ባለፈቃድ ኀላፊ ሊኖሩት ይገባል። ሪፒተር ለመትከል የመጀመሪያው ደረጃ ማለትም የቴክኒሻን ፈቃድ ይበቃል። ቀጥሎ ሪፒተሮች እንዳይረባበሹ ፍሪኩዌንሲ የሚያደላድለውን የአካባቢውን የፍሪኩዌንሲ አስተባባሪ ማነጋገር ያስፈልጋል። ማስተባበር በሕግ ግዴታ ባይሆንም፣ ሁለት ሪፒተሮች ሲረባበሹ አንዱ በአስተባባሪው በኩል የተቀናጀ ሌላው ያልተቀናጀ ከሆነ ችግሩን የመፍታት ቀዳሚ ኀላፊነት የሚወድቀው ባልተቀናጀው ላይ ነው። ሕዝብ በበዛባቸው ከተሞች ክፍት ጥንድ ፍሪኩዌንሲ ለማግኘት ረጅም ጊዜ መጠበቅ ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ዕቃ ከመግዛት በፊት ይህን መጨረስ ይሻላል።

በ2 ሜትር ባንድ በመቀበያውና በማሰራጫው ፍሪኩዌንሲ መካከል ያለው ርቀት በተለምዶ 600 ኪሎ ኸርዝ ሲሆን፣ በ70 ሴንቲ ሜትር ባንድ 5 ሜጋ ኸርዝ ነው። ይህ ልዩነት በገንዘብ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። መቀበያውና ማሰራጫው በአንድ አንቴና በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ፣ ማሰራጫው የራሱን መቀበያ እንዳያደነቁር ዱፕሌክሰር የሚባል ማጣሪያ በመካከላቸው ይገባል፤ ፍሪኩዌንሲዎቹ በተቀራረቡ ቁጥርም ማጣሪያው ትልቅና ውድ ይሆናል። በ2 ሜትር ከ80 እስከ 90 ዴሲቤል መለየት ይጠበቅበታል፤ 90 ዴሲቤል ማለት ደግሞ ጉልበቱን አንድ ቢሊዮን ጊዜ ማሳነስ ነው። አቅሙ ውስን ለሆነ ጀማሪ ክበብ በ70 ሴንቲ ሜትር እንዲጀምር የምመክረው ስለዚህ ነው።

አንቴናው ከዙሪያው መሬት 100 ሜትር ከፍ ቢል የሬዲዮው አድማስ ወደ 41 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ያንን ርቀት እጥፍ ለማድረግ ግን ከፍታው አራት እጥፍ መሆን አለበት። ስለ ኬብሉ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ለቤት ጣቢያ የሚመቹት፣ የአሉሚኒየም ልባስና የመዳብ ሽቦ ጥልፍ የተደራረበባቸው ኬብሎች እያሰራጩ በሚያዳምጡበት ሥራ ላይ ሁለቱ ብረቶች በሚነካኩበት ቦታ ጫጫታ ይፈጥራሉና፣ አንድ ወጥ የመዳብ ሽፋን ያለው ወፍራም ኬብል ያስፈልጋል። ኬብሉ ወደ ሕንፃው በሚገባበት ቦታ የመብረቅ መከላከያ ይደረግለት፤ የማማው፣ የመከላከያውና የኤሌክትሪኩ የመሬት መስመሮችም ሁሉ እርስ በርስ ይያያዙ።

ጣቢያው ሲገጠምም ሆነ በየጊዜው ሲፈተሽ፣ ቸል ሊባል የማይገባው የመደንቆር ፈተና ነው። መጀመሪያ ማሰራጫው እንደጠፋ፣ ጫጫታ የተቀላቀለበት ደካማ ምልክት ወደ መቀበያው ይላካል፤ ድምፁም በመቀበያው በራሱ ድምፅ ማጉያ ይደመጣል። ቀጥሎ ማሰራጫው በዱፕሌክሰሩ በኩል ከአንቴና ይልቅ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ከሚለውጥ የመሞከሪያ ጭነት ጋር ተያይዞ ይከፈታል። ያን ጊዜ ጫጫታው ከበረታ ጉድለቱ ከዱፕሌክሰሩ፣ ከማሰራጫው ወይም በሣጥኑ ውስጥ ካሉት አጫጭር ኬብሎች ነው። በጭነቱ ላይ ደህና ሆኖ አንቴናው ሲያያዝ ብቻ ከበረታ፣ ከኬብሉ፣ ከማያያዣዎቹ፣ ከአንቴናው ወይም በማማው ላይ ከዛገ ብረት መፈለግ ይገባል። የዱፕሌክሰሩን ብሎኖች በግምት ማዞር ፈጽሞ አይገባም፤ አንድ ጊዜ የተዛባ ማጣሪያ ያለ ተገቢ መለኪያ ወደ ቦታው አይመለስም።

ሪፒተር ብዙ ሰዓት ያለ ዕረፍት ሊያሰራጭ ስለሚችል፣ ለመኪና ተብሎ የተሠራ ሬዲዮ ሲጠቀሙ ጉልበቱን ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች አውርዶ ማራገቢያ መጨመር ያድነዋል። መጠባበቂያ ባትሪውን ሲያሰሉ ሁለቱንም ፍጆታ ይደምሩ። ጣቢያው ሲያሰራጭ 10 አምፔር፣ ሲጠብቅ 1 አምፔር የሚወስድ ከሆነና ከሰዓቱ አንድ አምስተኛውን ካሰራጨ፣ አማካዩ 3 አምፔር ያህል ነው፤ ባለ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪም እስከ ግማሹ ብቻ ሲሟጠጥ 16 ሰዓት ገደማ ያቆየዋል። ለብርዳማ ተራራ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ የሚመርጡ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ እንዳይደረግ የሚከለክል መቆጣጠሪያ እንዳለው ያረጋግጡ።

ሪፒተሩን የሚመራው መቆጣጠሪያ የጥሪ መለያውን ቢያንስ በየ10 ደቂቃው ያስተላልፋል፤ በሞርስ ከሆነ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ20 ቃላት አይበልጥም። አንድ ሰው መናገሪያውን ሳያውቅ ተጭኖ ቢቀመጥ ጣቢያው እንዳይያዝ የ3 ደቂቃ ገደብ ይደረግ። በርቀት የሚታዘዝ ጣቢያ የትእዛዝ መስመሩ ቢቋረጥ ከ3 ደቂቃ በላይ እንዳያሰራጭ፣ የፈቃዱ ቅጂና የኀላፊዎቹ ስም፣ አድራሻና ስልክም በጣቢያው በግልጽ እንዲለጠፍ ሕጉ ያዝዛል። ጣቢያውን ማጥፋት የሚችሉ፣ ሥልጣኑ በጽሑፍ የተሰጣቸው ቢያንስ 3 ሰዎች ቢኖሩ መልካም ነው። ረባሽ ሲመጣ ማንም አይመልስለት፤ ከቀጠለ ከእነርሱ አንዱ ጣቢያውን ለጊዜው ይዝጋው።

በእኛ ጣቢያ አንድ ጊዜ ውኃ የገባበት ማያያዣ መቀበያውን ቀስ በቀስ አደንቁሮት ለወራት ሳናውቅ ቆየን፤ የሚወጣው ድምፅ እንደ ወትሮው ጠንካራ ስለነበር ሩቅ ያሉት ደካማ ሬዲዮዎች መጥፋታቸውን ማንም ልብ አላለም። በጣም ያሳዘነኝ፣ በእጅ ሬዲዮ ብቻ የሚገናኙ አረጋዊ አባላችን መልስ ሲያጡ ጥፋቱ የራሳቸው መስሏቸው ዝም ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ አንድ አባል በአገልግሎት ክልላችን ዳር ከሚገኝ አንድ የመኪና ማቆሚያ ላይ ቆሞ፣ ሁልጊዜ በዚያው ባለ 5 ዋት ሬዲዮና አንቴና ይጣራል፤ የተሰማበትን ጥራት፣ ቀኑንና የአየሩን ሁኔታ በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ ሁለት ወር በተከታታይ ከቀነሰም ወደ ማማው የሚሄድ ሰው ይመደባል።