ከባሕር ዳር ለወጣችሁ፦ ያገለገለ ጫማ መግዛትና በጠባብ ክፍል ማስቀመጥ

ከባሕር ዳር የሚነሣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ሹራብ አይጠፋም። አክስት ጋቢ ታመጣለች፣ ጎረቤት ጃኬት ይሰጣል። ስለ ጫማ ግን ብዙም አይታሰብም። ለጣና ዳር አስፋልት የተገዛው ስስ ስኒከር ተደርጎ አውሮፕላን ይገባል። ከዚያ ታኅሣሥ ላይ ሚኒያፖሊስ ወይም ኦስሎ ፌርማታ ላይ ሲቆም፣ ብርዱ የሚጀምረው ከእግር ጣት ነው።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም የጥር ሌሊቷ እንኳ ውኃ አያረጋም። እግራችን የሚያውቀው የሐምሌን ጭቃና የመጋቢትን አቧራ ነው። ስለዚህ ገና ባሕር ዳር ሳላችሁ "የበረዶ ጫማ" ብላችሁ ገንዘብ አታፍስሱ። እዚያው ስትደርሱ ያገለገለ ግዙ።

ምክሬ ይኼ ነው፦ የመጀመሪያውን ዓመት በሦስት ጥንድ እለፉት። አንዱ ለሥራና ለዘወትር፣ አንዱ ለበረዶና ለዝናብ፣ አንዱ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድና ለእንግድነት። ከዚያ በላይ የሆነውን ክፍላችሁም ኪሳችሁም አይችለውም።

የሰው ጫማ ማድረግ የሚከብዳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ሸሚዝ ሲመርጥ የማያፍር ሰው፣ ጫማ ሲሆን ወደኋላ ይላል። እናትም በስልክ "ልጄ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጫማ ታደርጋለህ?" ትላለች። በምትኖሩበት አገር ግን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረውም ሆስፒታል የሚሠራውም ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ይገዛል። "እማዬ፣ አጥቤ አድርቄ ነው ያደረግሁት፣ እግሬም ሞቆኛል" በሏት። የእናት ጭንቀት ብርዱ ነው።

አሜሪካ ከሆናችሁ ጉድዊልና ሳልቬሽን አርሚ አሉ። ካናዳ ቫልዩ ቪሌጅ፣ እንግሊዝ የኦክስፋምና የብሪቲሽ ሃርት ፋውንዴሽን ሱቆች፣ ስዊድን ሚሮርና፣ ኔዘርላንድስ ክሪንግሎፕ የሚባሉት መደብሮች ይገኛሉ። እነዚህ ጋ ዋጋው የተለጠፈው ነው፤ ክርክር የለም። "መጨረሻውን ስንት ትለዋለህ?" የሚለውን የቅዳሜ ገበያ ልማዳችሁን፣ ሜዳ ላይ ለሚዘረጋ ገበያና ደጃፉ ላይ ዕቃ አውጥቶ ለሚሸጥ ሰው አቆዩት። እዚያ ይሠራል። የበረዶ ጫማ ደግሞ በረዶ ሲጥል አይገዛም። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሰው ቁም ሳጥኑን ሲያራግፍ ምርጡ ይወጣል።

በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ስትገዙ በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ተገናኙ። ጫማውን ሳታዩ ገንዘብ አትላኩ። ስልካችሁ ላይ የመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አትስጡ። ቪንትድ በሚባለው ያገለገለ ልብስና ጫማ መሸጫ መተግበሪያ ላይ ከገዛችሁ፣ ዕቃው ደረሰ ከተባለ በኋላ ቅሬታ ለማቅረብ ያላችሁ 2 ቀን ነው። ስለዚህ በደረሰበት ቀን ክፈቱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ጫማውን ከመሞከራችሁ በፊት ገልብጡት። ተረከዙ በውጭ በኩል ትንሽ መበላቱ የተለመደ ነው። ከዚያ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጡና ዝቅ ብላችሁ ከኋላ እዩት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የቀድሞው ባለቤት አረጋገጥ ተቀርጾበታል። እናንተንም ወደዚያው ያዘነብላችኋል፣ ተዉት። ጣት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ጫማውን አጥፉት። ሶሉና ቆዳው ከተላቀቁ ውኃ ያስገባል። እጃችሁን ወደ ውስጥ አስገቡ። ተረከዝ አካባቢ ገበሩ ተበልቶ ጠንካራው ነገር ከወጣ፣ ካልሲውንም ቆዳችሁንም ይልጣል። በመጨረሻ አሽትቱት። የሻጋታ ሽታ በቀላሉ አይለቅም።

ብዙ ሰው የሚሸወድበት አንድ ነገር አለ። ጫማው አዲስ ይመስላል። ሶሉ አልተበላም። ዋጋውም ርካሽ ነው። ገዝታችሁ ጥቂት ቀን እንደሄዳችሁበት ግን ሶሉ እንደ ደረቀ ድፎ ዳቦ ይፈረፈራል። ምክንያቱ ፖሊዩሬቴን የሚባል የሶል ዓይነት ነው። በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ከዓመት ዓመት ውስጡን ያፈርሰዋል። ማንም ሳያደርገው ካርቶን ውስጥ ተቀምጦም ይፈርሳል። በተራራ መውጫ ቡቶችና በቆዩ ስኒከሮች ላይ ይበዛል። ስለዚህ የሶሉን ጎን በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ጫን በሉት። ከተጣበቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ብናኝ ከወጣው ይቅርባችሁ። ስኒከር ከሆነ ምላሱ ሥር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ፤ ብዙዎቹ ላይ የተመረቱበት ጊዜ አለ። እኔ አሥር ዓመት የሞላውን ጫማ በነጻም አልወስድም።

ለበረዶ የምትመርጡት ጫማ የሶሉ ጥርስ ጥልቅ ይሁን፣ ጎማውም ሲጫኑት ለስለስ የሚል ይሁን። ልሙጥና ደረቅ ሶል በረዶ ላይ ይጥላል። ጎርቴክስ የሚል ምልክት ካለው ውኃ የሚከለክል ሽፋን አለው ማለት ነው። ጠባብ ቡት ግን ምን ቢወፍር አያሞቅም። ጣት መንቀሳቀሻ ካጣ ደም እንደልቡ አይዘዋወርም፣ ሙቀት የሚይዘውም አየር ቦታ ያጣል። ወፍራሙን የሱፍ ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትሞክሩም በእሱ ሞክሩ።

ስለ ቁጥር ብዙ አትጨነቁ። ባሕር ዳር "42" ስትሉ የኖራችሁት የአውሮፓው ቁጥር ነው። እንግሊዝ ወደ 8፣ አሜሪካ ለወንድ ወደ 9 ይሆናል። የአሜሪካ የሴት ቁጥር ከወንዱ በ1.5 ገደማ ይበልጣል። ከሁሉም የሚሻለው ሴንቲሜትር ነው። ማታ፣ እግር ትንሽ አበጥ ሲል፣ ወረቀት ላይ ቁሙ። ተረከዛችሁን ግድግዳ አስነኩ፣ ረጅሙ ጣት የደረሰበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ሁለቱንም እግር ለኩና በረጅሙ ላይ 1 ሴንቲሜትር ጨምሩ። ሱቅ ውስጥ ደግሞ የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጥታችሁ ቁሙበት። ጣታችሁ ጠርዙን ካለፈ ጫማው የእናንተ አይደለም።

ቤት ስትደርሱ የውስጡን ንጣፍ ጣሉና አዲስ አስገቡ። የእግር ፈንገስ ጫማ ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ከፋርማሲ ፀረ ፈንገስ ስፕሬይ ግዙ። ሸራ ጫማ ከሆነ በሳሙና ይታጠብ፤ ቆዳ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ከዚያ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ አድርቁ፣ ጋዜጣው ሲርስ ለውጡ። ማሞቂያው ላይ ግን አታስቀምጡ። ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል። በብርዱ ወራት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በጫማው ላይ ነጭ ምልክት ይተዋል። ኮምጣጤ በውኃ አቅጥናችሁ በጨርቅ ጥረጉት።

ያገለገለ የማልመክረው ሁለት ቦታ ነው። መጋዘን ወይም ግንባታ የምትገቡ ከሆነ፣ ጣቱ ላይ ብረት ያለው የደኅንነት ጫማ አዲስ ይሁን። ብረቱ ከባድ ነገር ወድቆበት ከሆነ ከውጭ አይታወቅም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና በእንግሊዝ ደግሞ ሥራው የሚጠይቀውን መከላከያ አሠሪው በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ሳትፈሩ ጠይቁ። ሁለተኛው፣ መራመድ የጀመረ ሕፃን ጫማ ነው። የሌላ ልጅ እግር ቅርጽ የያዘ ጫማ ለእሱ አይሆንም።

ጫማው ተገዛ እንበል። የት ይቀመጣል? ብዙዎቻችሁ የምትጀምሩት በአንድ ክፍል ወይም ከሰው ጋር በምትጋሩት ቤት ነው። አገር ቤት ጫማ በረንዳ ላይ ይወልቃል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። እዚያ በረንዳም ፀሐይም ላይኖር ይችላል። የሕንፃው ኮሪደር ላይ መተው ደግሞ በብዙ ቦታ ክልክል ነው። እሳት ቢነሣ ሰው የሚወጣው በዚያ ስለሆነ ማስጠንቀቂያ ይመጣባችኋል።

ሐምሌ ላይ ባሕር ዳር ቁም ሳጥን ውስጥ የተረሳ የቆዳ ጫማ አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣል። ውጭ አገር ያለ ጠባብ ክፍል በብርዱ ወራት ያንኑ ያደርጋል። መስኮት ይዘጋል፣ ምግብ ይበስላል፣ ልብስ እዚያው ይሰጣል፣ እርጥበቱም ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ እርጥብ ጫማ ሳጥን ውስጥ አይገባም። በር አጠገብ ዝቅተኛ ትሪ አኑሩና አንድ ሌሊትና አንድ ቀን እዚያው ይደር። መደርደሪያውንም ከውጭ ግድግዳ አራት ጣት ያህል አርቁት፤ አየር ይለፍበት።

ቦታ የሚቆጥበው ከፍታ ነው። በር ጀርባ ላይ የሚንጠለጠል ባለ ኪስ ጨርቅ ሚስማር አይፈልግም፤ ስለዚህ ቤት አከራዩም አይከፋም። ጫማ ቆሞ የሚገባባቸው ቀጭን ሳጥኖችም አሉ፣ ያገለገሉም በርካሽ ይገኛሉ። ጥንዱን ስትደረድሩ የአንዱን ተረከዝ ከሌላው ጣት ጎን አድርጉ፤ ስፋቱ ይቀንሳል። ከባሕር ዳር ይዛችሁት የሄዳችሁት ሻንጣ ደግሞ አልጋ ሥር ባዶውን አይቀመጥ። በጋ ሲሆን የበረዶው ቡት፣ ብርድ ሲሆን ነጠላ ጫማው እዚያ ይግባ። አዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች አትጣሉ፤ ሻንጣው ውስጥ ጨምሯቸው።

የቤተ ክርስቲያኑን ጫማ በተመለከተ አንድ ልብ በሉ። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ደጅ ላይ ጫማ ማውለቅ ቀላል ነው። በብርድ አገር ግን ብዙ ጊዜ የሚጸለየው በኪራይ አዳራሽ ነው። መግቢያው ጠባብ ነው፣ ጥቁር ስኒከር በጥቁር ስኒከር ላይ ይከመራል። ክር የሌለው፣ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ ምረጡ። ውስጡ ላይ ምልክት አድርጉበት፣ የጨርቅ ከረጢትም ያዙ።

ክፍላችሁን የሚሞላው ግን የራሳችሁ ጫማ አይደለም። ለታናሽ ወንድም፣ ለእኅት፣ ለአጎት ልጅ እየተባለ የሚገዛው ነው። ርካሽና ጥሩ ጫማ ባያችሁ ቁጥር ባሕር ዳር ያለ እግር ትዝ ይላችኋል። ይኼን መከልከል አልችልም፣ አልፈልግምም። ብቻ በልክ ይሁን። አንድ ካርቶን ለቤተሰብ መድቡ። ሲሞላ ሰው እስኪሄድ ግዢ ይቁም። አንድ ጥንድ ስኒከር ወደ 1 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል፣ የአንድ ሻንጣ ልክም ብዙ ጊዜ 23 ኪሎ ነው። "ኪሎ አለሽ ወይ?" ብላችሁ የምትለምኗት ልጅም የራሷ ቤተሰብ አላት። ከመግዛታችሁ በፊት የእግሩን ልክ በሴንቲሜትር በቴሌግራም ይላኩላችሁ፤ "ቁጥሬ 40 ነው" የሚለው አይበቃም። ስትሸክፉ የጫማውን ሆድ በካልሲ ሙሉት፤ ቅርጹም አይበላሽ፣ ቦታም አይባክን።

ገና ያልተነሣችሁ ደግሞ አንድ ሥራ አላችሁ። ይዛችሁ የምትሄዱትን የቆዳ ጫማ ሰፈር ያለ ጫማ ሰፊ ጋ ውሰዱና ሶሉን ዙሪያውን አሰፉት። እዚያ አገር ሶል ማስቀየር ብዙ ጊዜ ከአንድ ያገለገለ ጫማ ዋጋ ይበልጣል። አንድ ቆርቆሮ ቀለምና ብሩሽም ያዙ፤ መንገድ ዳር ሊስትሮ አታገኙም።