ግራንድ ቪታራ ሲያስቸግር፦ ጥፋቱ የመኪናው ነው ወይስ የእኛ?

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የነዳሁት አንድ የሱዙኪ ግራንድ ቪታራ ነው። 2.0 ቤንዚን፣ ማኑዋል ካምቢዮ። ልጆች ትምህርት ቤት አድርሷል፣ ጤፍ ተሸክሟል፣ ሠርግ አጅቧል፣ ለቅሶ ደርሷል። መካኒክ አይደለሁም። ጋራዥ ደጃፍ ላይ ቡና እየጠጣሁ የፈጀሁት ሰዓት ግን ቀላል አይደለም። ከዚያ ሁሉ ሰዓት አንድ ነገር ገብቶኛል፤ መኪናው ራሱ ከታመመው እኔ ያሳመምኩት ይበልጣል። ወይ የገጠምኩለት ዕቃ ነው፣ ወይ የቀየርኩለት ጎማ፣ ወይ ደግሞ ዓመት ሙሉ ሳልነካው የተውኩት ማዞሪያ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ በእጅ ያለውን ተንከባክቦ ማቆየት ግድ ሆኗል። ጋራዥ ከመሮጣችሁ በፊት ራሳችሁ ልታዩት የምትችሉትን እነሆ። ብዙው ለፕራዶም ለራቭፎርም ይሠራል። የሁለት ካምቢዮው (በአራቱም ጎማ የመንዳቱ) ጉዳይ ግን በተለይ 4ኤች፣ 4ኤች ሎክ፣ 4ኤል ሎክ እና ኤን የሚል ማዞሪያ ላላቸው ግራንድ ቪታራዎች ነው።

አስፋልት ላይ ስትታጠፉ መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይጮኻል

ይህቺ የደረሰችብኝ ከእነዋሪ ስንመለስ ነው። ክረምት ነበር። የእነዋሪን ዋልካ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጫማ ላይ ከተለጠፈ ጫማው እዚያው ይቀራል። 4ኤች ሎክ አስገብቼ እንደምንም ወጣን። ደብረ ብርሃን ነዳጅ ማደያ ልገባ መሪውን ስጠመዝዝ መኪናው ግው፣ ግው እያለ አልሄድም አለኝ። ባለቤቴ «ፍሬን ይዘሃል እንዴ?» አለችኝ። አልያዝኩም። ካምቢዮው ሄደ ብዬ ሆዴ እየባባ 130 ኪሎ ሜትር ነዳሁት።

በማግሥቱ አንድ ጋራዥ «ጋሼ፣ ትራንስፈሩ መውረድ አለበት» አለኝና (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው) ዋጋ ጠራ። ዋጋውን ሰምቼ ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ቤት ልገባ ስል ትልቁ ልጄ በሁለቱ ወንበሮች መሃል አንገቱን አስግጎ «አባዬ፣ ይቺ መብራት ሁልጊዜ ትበራለች?» አለኝ። የሎክ መብራት ናት። ከጭቃው ከወጣሁ በኋላ አልመለስኩትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ መኪና ሁልጊዜም በአራቱም ጎማ ነው የሚሄደው። 4ኤች ላይ ሲሆን የመሃሉ ዲፈረንሻል ነፃ ነው። ስንታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ፤ ልዩነቱን እሱ ይውጠዋል። ሎክ ሲገባ ግን ፊትና ኋላ እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ። ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ስለሚያስተነፍሰው ምንም አይደለም። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ማምለጫ የለውም፤ ጭንቀቱ ሁሉ ማርሾቹና ዘንጎቹ ላይ ያርፋል።

መፍትሄው ነፃ ነው። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ 4ኤች መልሱ። መብራቱ ካልጠፋ ቀጥ ብላችሁ ጥቂት ሜትር ወደፊት፣ ከዚያ ወደኋላ ሂዱ። ታስሮ የቆየው ኃይል ሲለቀቅ አንዳንዴ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አትደንግጡ።

4ኤች ላይ ሆኖም ከከበዳችሁ ዓይናችሁን ወደ ጎማዎቹ አዙሩ። ሦስት ያለቁ፣ አንድ አዲስ ጎማ ካለ ወይም ፊትና ኋላ የተለያየ መጠን ከሆነ፣ የመሃሉ ዲፈረንሻል ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ዕረፍት አያገኝም። አራቱን በአንድ ላይ መቀየር ይመከራል። ኪስ ካልፈቀደ ቢያንስ ጥንዱን። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ስኮርታውንም ጨምራችሁ ብታዟዙሩ አምስቱም እኩል ያልቃሉ።

4ኤል አልገባ ይላል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ። መኪናው ሙሉ በሙሉ ቆሟል? ካምቢዮው ዜሮ ነው? ፍሪሲዮን ረግጣችኋል? 4ኤች ሎክ ቀጥ ባለ መንገድ እየሄዱም ይገባል፤ 4ኤል (ቀስ ብሎ በኃይል የሚጎትተው) ግን ሳይቆሙ አይሆንም። ሁሉም ተሟልቶ መብራቱ ብልጭታውን ካልተወ ጥርሶቹ አልገጠሙም ማለት ነው። አንድ ሁለት ሜትር ተንቀሳቅሳችሁ እንደገና ሞክሩ።

አሁንም እምቢ ካለ የሚቀይረው ትንሽ ሞተር ሳይሠራ ብዙ ጊዜ ቆይቶ ደርቆ ወይም ሶኬቱ ዝጎ ይሆናል። ይህ የከተማ መኪና በሽታ ነው። ዓመት ሙሉ ቦሌና መገናኛ ሲመላለስ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ጭቃ ውስጥ «በል እንግዲህ» ሲባል ይለግማል። በወር አንድ ጊዜ ኮረት ወይም አፈር ላይ ሁሉንም ቦታ አስገብታችሁ አውጡት።

ከገጠር መልስ 80 ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል

ኩሽኔታ አትግዙ። አላይመንትም አትሂዱ። መጀመሪያ ላቫጆ ሂዱ። ቸርኬው ውስጥ፣ ከጀርባ በኩል፣ የደረቀ ጭቃ ተለጥፏል። አንድ ጭብጥ ጭቃ ሚዛኑን ለማዛባት ይበቃል። የላቫጆ ልጆች ከውጭ ብቻ አብለጭልጨው ይሰጧችኋል፤ እኔ ዱላ ይዤ ተንበርክኬ ነው የማስፈነቅለው። አንዴ ከአንድ ጎማ የወጣው ጭቃ የሽሮ ድስት ይሞላ ነበር።

ታጥቦም ካልተወ ባላንስ አስደርጉ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የሚንቀጠቀጠው የፊት ዲስክ ተጣሟል። መሪው ሰላም ሆኖ ወንበሩ ከሆነ የሚንቀጠቀጥ፣ የኋላ ጎማዎቹን፣ እንዲሁም ኃይሉን ወደኋላ የሚወስደውን ዘንግ ክሮቼራ (መጋጠሚያውን) አሳዩ።

ቤንዚን መብላት ጀመረ

ይህን የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ «ምን ገጠምክበት?» ነው የምለው።

ጎማ ትልቁ ተጠርጣሪ ነው። ብዙዎቹ ሲመጡ 225/70 አር 16 ነበራቸው። መኪናው ግርማ ሞገስ እንዲኖረው ብለን 245/70 አር 16 እናስገባለን። ቁመቱ ከ721 ወደ 749 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ወደ 4 በመቶ ማለት ነው። ጎማው ይከብዳል፣ ሞተሩ ይለፋል፣ እውነትም ነዳጅ ይጨምራል። ግን ሌላም ቀልድ አለው፤ ቆጣሪው ይዋሻል። 100 ሲላችሁ የሄዳችሁት 104 ነው። ስለዚህ ከሚበላው በላይ የበላ ይመስላችኋል። ፍጥነታችሁም እንደዚያው ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ይህን ማስረዳት አይቻልም።

ቀጥሎ ፖርቶመጋላ፣ ጣሪያ ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ። ነፋስ ይይዛል፣ ከ80 በላይ ያፏጫል። እኔ ለፋሲካ ሁለት በግ ጭኜበት ነበር፤ ዋጋውን ያወጣው ያን ቀን ብቻ ነው። አሁን ጉዞ ሲኖር አስሬ፣ ከጉዞ መልስ ፈትቼ አስቀምጣለሁ። የምትጭኑ ከሆነ የጣሪያውን የክብደት ልክ ከማኑዋሉ እዩ፤ የፖርቶመጋላው ክብደትም ተቆጥሮ ነው።

ሁለቱም ከሌሉ የጎማ ንፋስ ለኩ። የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ነው ትክክለኛው፤ ጎሚስታው በልምድ የሚሞላው አይደለም። ከዚያ ጥቂት ነድታችሁ ስትወርዱ እጃችሁን ሳታስነኩ ቸርኬዎቹ አጠገብ አድርጉ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚጋረፍ ከሆነ ፍሬኑ ይዟል። ሞተሩ ጨርሶ የማይሞቅ ከሆነ ደግሞ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ሞተር ሁልጊዜ ይርበዋል።

ዳገት ላይ ሙቀት ይወጣል

ለዚህ ፈተና እንደ አባይ በረሃ ያለ የለም። ከጎሃ ፅዮን ወርዶ ወደ ደጀን መውጣት ማለት ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ መልሶ መቧጠጥ ነው፣ ያውም በሙቀት።

ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት ከፊት ቆማችሁ መኪናችሁን እዩት። የብረት መከላከያ፣ ሁለት ተጨማሪ መብራት፣ ታርጋ መሃል ላይ… ራዲያተሩ በየት በኩል ይተንፍስ? አንድ ጎረቤቴ ቴርሞስታት ቀየረ፣ የውሃ ፓምፕ ቀየረ፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ሊያስወርድ ቀጠሮ ያዘ። በመጨረሻ የተገኘው መብራቶቹን ለመትከል በታሰረች አንድ ሰፊ ላሜራ ነው። ላሜራዋ ተፈታች፣ ሙቀቱ ወረደ።

ሁለተኛው፣ በኤሲው ራዲያተርና በውሃው ራዲያተር መካከል የሚገባ ጭቃ፣ ገለባና ላባ ነው። በኃይለኛ ውሃ ከፊት አትምቱት፣ ክንፎቹ ይተኛሉ። ከኋላ ወደፊት፣ በለስላሳ ውሃ።

ሦስተኛው ክዳኑ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ተራ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። መኪናው የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለትና ኩላንት ስላለው ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀና ውስጡ የቧንቧ ውሃ ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ እንኳ ይፈላል። ክዳን ርካሽ ነው፤ በጥርጣሬም ቢሆን ቀይሩት። እንደሞቀ ግን እንዳትከፍቱት፤ ፊት ያቃጥላል።

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ከሸተታችሁና ፔዳሉ ከለሰለሰ ጥፋቱ የእግራችሁ ነው፤ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ውረዱ። 4ኤል ለደረቅ አስፋልት አይሆንም፤ እሱም የተቆለፈ ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

ጠዋት አይነሳም

ማታ ያደረ ባትሪ በቴስተር 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። ሞተሩ ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ካለ ዲናሞው ደህና ነው። ዲናሞው ደህና፣ ባትሪው አዲስ፣ ጠዋት ግን ሞቶ የሚያድር ከሆነ አንድ ነገር ሌሊት እየጠባው ነው። ካሜራ፣ አላርም፣ ትልቅ ስክሪን ያለው ቴፕ፣ ከባትሪው በቀጥታ የተሳበ መብራት። የእኔው ስክሪን ነበር፤ ጠፍቶ እንኳ አይተኛም።

ሌባውን ለመያዝ ቴስተሩን አምፒር ላይ አድርጋችሁ በባትሪው ኔጋቲቭና በሽቦው መካከል አስገቡ። በሮች ተዘግተው ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከ50 ሚሊ አምፒር በላይ ካሳየ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። ቁጥሩ የሚወርድበት ፊውዝ ላይ ሌባው አለ። በቀጥታ የተሳበው ግን በፊውዝ ሳጥኑ አያልፍምና እሱን መጀመሪያ ፍቱት። ቴስተሩ እንደተገጠመ ሞተር ለማስነሳት አትሞክሩ፤ ይቃጠላል።

ተጨማሪ መብራት ስታስገጥሙ ሪሌ (ትልቁን ኃይል ለብቻው የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) እና ፊውዝ ካልተባለ «ይቅር» በሉ። 120 ዋት መብራት 10 አምፒር ይጎትታል፤ ለሬዲዮ የተሠራች ቀጭን ሽቦ ይህን ስትሸከም ፕላስቲኳ ይቀልጣል። ፊውዙ ደግሞ ባትሪው አጠገብ ይሁን እንጂ መብራቱ ጋ አይሁን።

የዲፈረንሻል ዘይት ማኪያቶ መስሏል

ወንዝ ተሻግራችኋል ማለት ነው። የሞቀ ዲፈረንሻል ድንገት ውሃ ውስጥ ሲገባ ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ ያለው አየር ሲሰበሰብ በመተንፈሻዋ ቀዳዳ ውሃ ይስባል። ዘይቱን ቶሎ ቀይሩ፤ ሳምንት ካደረ ዝገት ይጀምራል። መተንፈሻዋን በጎማ ቱቦ ወደ ላይ፣ ወደ ሰውነቱ ከፍታ ማስረዘም ከገጠምኩት ዕቃ ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው ነው። መሙያው ብሎን መከፈቱን ሳታረጋግጡ ማፍሰሻውን እንዳትከፍቱ። ዘይቱን አፍስሶ መሙያው የተጣበቀበት ሰው አይቻለሁ፤ መኪናው በሌላ መኪና ተጭኖ ነው የሄደ። ለዲፈረንሻል ጂኤል-5 የሚል ዘይት ነው። ለካምቢዮው ያንኑ አትጨምሩ፣ ማኑዋሉን እዩ።

የኋላ በር ይንኳኳል

ስኮርታው በሩ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ጎማ ስታሳድጉ ስኮርታውንም ስለምታሳድጉ ማጠፊያዎቹ ይሸከማሉ፣ በሩ ይዘቅጣል። መጀመሪያ የስኮርታውን ዳዶዎች አጥብቁ፤ ግማሹ ድምፅ እዚያ ይቀራል። ከዚያ በሩ የሚያርፍባቸውን ላስቲኮች እዩ። በሩን ከፍታችሁ ከታች ወደ ላይ ስታነሱት ከተንቀሳቀሰ ማጠፊያው ነው።

የፊት ተሳፋሪ እግር ሥር ምንጣፉ ረጥቧል

ጣታችሁን ነክራችሁ አሽትቱ። ጣፋጭ ጣፋጭ የሚልና የሚያሟልጭ ከሆነ ኩላንት ነው፤ የማሞቂያዋ ትንሽ ራዲያተር ትፈሳለች፣ ጋራዥ ሂዱ። ምንም የማይሸት ከሆነ የኤሲው ውሃ መውጫ ቱቦ ተደፍኗል። ከመኪናው ሥር ፈልጋችሁ በቀጭን ለስላሳ ሽቦ በቀስታ ጠርጉት። እኔ የጠረግሁ ቀን አንድ ብርጭቆ የሚሆን ውሃ እጅጌዬ ውስጥ ነው የገባው። ውሃ ካልሆነስ? የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡትን ጠይቁ፤ የእኛው አንዴ የማንጎ ጁስ ሆኖ ተገኝቷል።